ከሮበን ደሴት ያመለጡት

(በተማሪዎች ኅብረት የታሪክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ስለ አፍሪካ የነፃነት ትግል በተነገረ ቍጥር በመጀመሪያ የሚታወሱን የድል ቀኖች ናቸው። የባዕዱ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የአገሬው የተሰቀለበትን ቀን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ድል ከመገኘቱ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፥ ማንም ሳይረዳቸው፥ የሚያሸንፉ ሳይመስላቸው እንኳ የታገሉ ሰዎች ነበሩ። እኛም ዛሬ ለመናገር የመረጥነው ስለ እነዚህ ነው። ጉዳዩ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ በተባለው ቅኝ ግዛት ውስጥ በሮበን ደሴት ታስረው ስለ ነበሩና ከዚያ ለማምለጥ ባሕሩን ስለ ደፈሩ እስረኞች ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገሮችን እናስታውቃለን። በሌላ መንገድ ካልገለጽን በስተቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ሁለተኛም የኮሳና የኮይ ሕዝቦች ቋንቋ በምላስ ጠቅታ የሚነገሩ ድምፆች አሉት፤ ፊደላችን ግን ለነዚህ ድምፆች ምልክት ስለሌለው ስሞቹን በቀረበው ድምፅ ጽፈናቸዋል።

ባሕር እንደ ግንብ

ሮበን ደሴት ከኬፕ ታውን ወደብ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ዝቅተኛ ደሴት ናት። ስፋቷ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሰው በጥቂት ሰዓት በእግሩ ሊዞራት ይችላል። ስሟ ከሆላንድ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሲል ከሚባሉት የባሕር እንስሳት የተወሰደ ነው። ከሁሉ ቅርብ የሆነው የየብስ ዳርቻ ብላውበርግ በሚባለው ቦታ በኩል ሲሆን ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ ሲታይ ይህ ርቀት እንደ ቁም ነገር የሚቈጠር አይመስልም። ነገር ግን ከደቡብ የሚመጣው የቤንጌላ ጅረት ውኃውን እጅግ ቀዝቃዛ ያደርገዋል፤ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ጉሙ በድንገት ይወርዳል፤ በዳርቻው ያሉት ዐለቶችም ብዙ መርከብ ሰብረዋል። እስረኛው በጠራ ቀን የጠረጴዛ ተራራ የሚባለውን ተራራ ከፊቱ ቁልጭ ብሎ ያየዋል፤ ሊደርስበት ግን አይችልም።

ሆላንዶች በ1652 ኬፕ ላይ ከሰፈሩ በኋላ የዚህችን ደሴት ጥቅም ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በየብስ ላይ እስር ቤት ለመሥራት ድንጋይና ኖራ፥ በርና ቍልፍ፥ ብዙም ዘበኛ ያስፈልጋል። ደሴት ግን ግንቧ ተሠርቶ የቆየ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጥቅም ነበራት። አንድ መሪ በሕዝቡ መካከል ቢታሰር ሕዝቡ በእስር ቤቱ በር ይሰበሰባል፤ ስንቅ ያቀብለዋል፤ መልእክት ይቀበለዋል፤ መሪነቱም አይቋረጥም። በባሕር መካከል ሲጣል ግን ሞቶ ይሁን በሕይወት ይኑር የሚያውቅ የለም። በዚህ ምክንያት የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምትባለው አገር ያመፁትን መሳፍንትና የእስልምና ሊቃውንት ሳይቀር ወደዚህች ደሴት እያመጣ ይጥላቸው ነበር።

ዘዴው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጣሊያን በቀይ ባሕር ውስጥ ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በናኩራ ላይ የእስረኞች ሰፈር አቋቁሞ ነበር፤ ይህም ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1941 ቆይቷል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም ከመኳንንቶቻችንና ከቤተ ሰቦቻቸው መካከል ብዙዎቹ ወደ ጣሊያን አገር ሲጋዙ፥ በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት የታሰሩ ነበሩ። ስለዚህ የሮበን ደሴትን ታሪክ ስንሰማ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልናዳምጠው አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ

ከሮበን ደሴት በማምለጥ ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው አውሹማቶ የተባለ የኮይ ሕዝብ መሪ ነው። ይህ ሰው ሆላንዶች ከመምጣታቸው በፊት በእንግሊዞች መርከብ ተሳፍሮ እስከ ጃቫ ድረስ ሄዶ የተመለሰ፥ የአውሮፓውያንንም ቋንቋ ያወቀ ነበር። ሆላንዶቹ በመጡ ጊዜ አስተርጓሚያቸው ሆኖ ሠራ። ነገር ግን የግጦሹ መሬት እየተወሰደ፥ ከብቱም የጠብ ምክንያት እየሆነ ሲሄድ፥ ትናንት በአስተርጓሚነቱ የተወደደው ሰው እንደ ጠላት ተቈጠረና በ1658 ወደ ደሴቲቱ ተጋዘ። በ1659 መጨረሻ፥ ወገኖቹ ከሆላንዶች ጋር ጦርነት ላይ ሳሉ፥ አውሹማቶ ውኃ በምታስገባ አሮጌ ጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የብስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኖሮ በ1663 ሞተ።

ከመቶ አምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ዳዊት ስቱርማን የተባለ ሌላ የኮይ መሪ ተነሣ። በ1799 በምሥራቅ ኬፕ በነጮች እርሻ ላይ በግድ ይሠሩ የነበሩ ኮይዎች የጌቶቻቸውን ጠመንጃና ፈረስ ይዘው ሸፈቱ፤ ከኮሳዎችም ጋር ተባብረው ተዋጉ። የዚያ ዐመፅ መሪ የዳዊት ወንድም ክላስ ስቱርማን ነበር። በ1803 ዕርቅ ሲደረግ ለስቱርማን ወገኖች በጋምቱስ ወንዝ አጠገብ መሬት ተሰጣቸው። ክላስ በዚያው ዘመን ሲሞት ዳዊት ተተካ።

ይህች ትንሽ መሬት ለአካባቢው ነጭ ገበሬዎች የዓይን ጕድፍ ሆነችባቸው፤ ከጌታው የሸሸ ሠራተኛ ሁሉ የሚጠጋባት ሆናለችና። በ1809 ዳዊት ወደ እርሱ የተጠጉትን ሁለት ሰዎች አሳልፌ አልሰጥም ባለ ጊዜ ተያዘ፤ መሬቱም ተወሰደ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አስተዳደር ኮይዎች ሁሉ ቋሚ አድራሻ እንዲኖራቸውና ያለ ይለፍ ወረቀት ከቦታ ቦታ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። በኋላ ዘመን አፓርታይድ ሲባል የሰማነው የይለፍ ወረቀት ሥርዓት አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ይገኛል። ስቱርማን ግን በደሴቲቱ ብዙ አልቆየም። በ1809 መጨረሻ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ አመለጠና ቅኝ ግዛቱን በሙሉ አቋርጦ፥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ፥ ኮሳዎች አገር ገባ። እነርሱም አስጠጉት።

ማካንዳ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል።

በ1811ና በ1812 ኮሎኔል ጆን ግራሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር 20,000 ያህል ኮሳዎችን ዙርቬልድ ከሚባለው አገራቸው ነቅሎ ከፊሽ ወንዝ ማዶ አባረራቸው። ቤታቸው ተቃጠለ፤ ማሳቸው ጠፋ። በተባረሩበትም አገር ላይ የጦር ሰፈር ተሠርቶ በኮሎኔሉ ስም ግራሃምስታውን ተባለ። የተባረረው ሕዝብ ወንድሞቹ በሰፈሩበት ጠባብ አገር ላይ ሲከመር እርስ በርሱ መጣላቱ አልቀረም። ንጊካና አጎቱ ንድላምቤ የተባሉት ሁለት ገዦች በ1818 አማሊንዴ በተባለው ሜዳ ላይ ተዋጉና ንድላምቤ አሸነፈ። የተሸነፈው ንጊካ እንግሊዞችን ረዳት ጠራ። እነርሱም ይህን ሲጠብቁ ኖረዋልና በ1818 መጨረሻ ዘምተው ከንድላምቤ ወገን 23,000 ከብት ነድተው ሄዱ። ከብት አርቢ ለሆነ ሕዝብ ይህ ከብት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን ወተት፥ የጥሎሹን ሀብት፥ የነገውን ኑሮ ማጣት ነው።

የንድላምቤ ወገን አማካሪና ነቢይ ማካንዳ ይባል ነበር። ግራኝ ስለ ነበረም ንኬሌ ብለው ይጠሩታል፤ ትርጕሙ ግራኝ ማለት ነው። ሚስዮናውያን ካሉበት እየሄደ ስብከታቸውን ሰምቷል፤ ጠይቋል፤ ተከራክሯል። በኋላ ግን የራሱን ትምህርት አወጣ። የነጮች አምላክና የጥቁሮች አምላክ የተለያዩ ናቸው፤ ነጮች የአምላካቸውን ልጅ ስለ ገደሉ ወደ ባሕር ተጥለው ነበር፤ አሁን ከባሕር ወጥተው መሬት ፍለጋ መጡ፤ የጥቁሮች አምላክ ግን ይበልጣል፤ ወደ ባሕራቸውም ይመልሳቸዋል እያለ አስተማረ።

ማካንዳ ሚያዝያ 22 ቀን 1819 (በአውሮፓውያን አፕሪል 22) ከ6,000 እስከ 10,000 የሚገመት ሠራዊት አሰልፎ በጠራራ ፀሐይ ግራሃምስታውንን መታ። የእንግሊዝ ጥይት ወደ ውኃ ይለወጣል ብሎ ለተዋጊዎቹ ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር ይባላል። ከተማውን የሚጠብቁት በሌተናንት ኮሎኔል ዊልሻየር የሚመሩ ጥቂት መቶ ወታደሮች ብቻ ቢሆኑም መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ውጊያው በጋለበት ሰዓት ቡሳክ የተባለ የኮይ አዳኝ 130 የሚሆኑ አልሞ ተኳሾች ይዞ ለእንግሊዞች ደረሰላቸው። የኮሳ ሠራዊት ብዙ መቶ ሬሳ ጥሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ጦር እንደገና ዘምቶ እህሉን እያቃጠለ፥ ከብቱን እየነዳ ሕዝቡን ለራብ ዳረገው። በነሐሴ 1819 ማካንዳ ማንም ሳይዘው በገዛ እግሩ ወደ አንድርያስ ስቶከንስትሮም ሰፈር መጥቶ እጁን ሰጠ። ለጦርነቱ ምክንያት የሆንኩት እኔ ከሆንኩ፥ የእኔ መያዝ ለሕዝቤ ሰላም ያመጣለት እንደ ሆነ ልይ የሚል አሳብ ነበረው። እርሱ ታሰረ፤ ሰላሙ ግን አልመጣም። እንግሊዞች በፊሽና በኬይስካማ ወንዞች መካከል ያለውን አገር ለቃችሁ ውጡ አሉ። ይህንንም መሬት ያስለቀቁት ረዳትነት ከጠራቸው ከራሱ ከንጊካ ነው። ባዕድን በወንድሙ ላይ የጠራ ሰው ዋጋውን በምን እንደ ተቀበለ ልብ በሉ።

ነሐሴ 1820

ማካንዳ ከአልጎዋ የባሕር ወሽመጥ በመርከብ ተጭኖ ሮበን ደሴት ገባ። በዚያም በ1819 ጦርነት ጊዜ እንደገና የተያዘውን ዳዊት ስቱርማንን አገኘው። በደሴቲቱ ላይ ከጦርነቱ የተያዙ ኮሳዎችና ኮይዎች ነበሩ፤ በልዩ ልዩ ወንጀል የተፈረደባቸው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ሥራቸው ድንጋይ መፍለጥና ለከተማው ግንባታ የሚሆን ኖራ ማዘጋጀት ነበር።

በዚያን ጊዜ መሪ የተባለ ነጋዴ በደሴቲቱ ዳርቻ ዓሣ ነባሪ የሚታደንበት ጣቢያ ነበረው። ዓሣ ነባሪ አዳኞች ደግሞ ያለ ጀልባ አይሠሩም። ባሕሩ ግንብ ከሆነ፥ በግንቡ ውስጥ የተተወችው በር ይህች ጣቢያ ነበረች። እስረኞቹም ይህን አስተዋሉ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1820 እስረኞቹ በዘበኞቻቸው ላይ ተነሡ፤ አሸንፈው መሣሪያቸውን ነጠቁ፤ ወደ ጣቢያውም ሄደው ጀልባዎቹን ያዙ። 30 ያህል ሰዎች ተሳፍረው ወደ ብላውበርግ ዳርቻ ቀዘፉ። ወራቱ በዚያ አገር ክረምት ነው። ጀልባዎቹ የባሕሩን መካከል አልፈው የብሱ ከታየ በኋላ፥ ማዕበል ከዐለት ጋር በሚላተምበት በዳርቻው ላይ ማካንዳ የነበረበት ጀልባ ተገለበጠ። ከሞት የተረፉት እንደ ተናገሩት፥ ማካንዳ አንድ ዐለት ጨብጦ፥ በታላቅ ድምፅ ሌሎቹን በርቱ፥ ወደ የብስ ውጡ እያለ ሲያደፋፍር ቆየ፤ በመጨረሻም ማዕበሉ ወሰደው።

የወጡትንም ብዙ አልቆዩም፤ ወታደር ተልኮ ከኬፕ ታውን ብዙ ሳይርቁ አብዛኞቹ ተያዙ። ፍርድ ቤት ቀርበው ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ በስቅላት ተቀጡ። ስቱርማን ሁለት ጊዜ ከሮበን ደሴት በማምለጡ እስከ ዛሬ ይታወቃል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሌላ ደሴት አላመኑለትም፤ በ1823 በመርከብ ጭነው ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ አርቀው ወደ አውስትራሊያ አጋዙት። በ1830 በሲድኒ ሞተ፤ የተቀበረበትም መቃብር በኋላ የባቡር ጣቢያ ተሠራበት። የነጋዴው የዓሣ ነባሪ ጣቢያም እንዲዘጋ ተደረገ፤ ገዦቹ የተተወችውን በር ዘጉ ማለት ነው።

የኮሳ ሕዝብ ማካንዳ ሞተ ሲባል አላመነም። ጌጡንና የቤቱን ዕቃ አስቀምጦ ከአምሳ ዓመት በላይ ጠበቀው። ዕቃው የተቀበረው በ1873 ነው። ቀብሮ ተስፋ የቈረጠበትም ዓመት፥ ማቆማ የተባለው ሌላው የኮሳ የጦር መሪ በዚያችው በሮበን ደሴት በእስር የሞተበት ዓመት ነበር። የማይመጣን ነገር መጠበቅ እስከ ዛሬ በኮሳዎች ምሳሌያዊ አነጋገር የንኬሌ መምጣት ይባላል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ይህ ሁሉ የሽንፈት ታሪክ አይደለምን? ማካንዳ ከተማውን መታ፥ ተሸነፈ፤ እጁን ሰጠ፥ ሰላም አላገኘም፤ አመለጠ፥ ሰጠመ፤ ይህን ለተማሪ ማውራት ምን ይጠቅማል? ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር እንመልስ።

በመጀመሪያ በጀልባው ውስጥ የነበሩትን እንመልከት። በግራሃምስታውን ውጊያ ላይ ኮሳዎችን ከመቱት መካከል የቡሳክ ኮይዎች እንደ ነበሩ ተናግረናል። ከውጊያው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የኮሳው ነቢይና የኮይው መሪ በአንድ ደሴት ላይ አብረው ተነሡ፥ አብረው ቀዘፉ። ቅኝ ገዢ በራሱ ወታደር ብቻ የገዛበት አገር የለም። በዐድዋም ጊዜ ከጣሊያን ጐን የተሰለፉ የአፍሪካ ልጆች እንደ ነበሩ ሁላችን እናውቃለን። ቡሳክን ወደ አንዱ ወገን፥ ስቱርማንን ወደ ሌላው ወገን የሰደዳቸው ዘራቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ኮይ ናቸውና። ስለዚህ ወገንን በትውልድ ብቻ የሚለይ ሰው ይህን ታሪክ ሊያስረዳ አይችልም። እኛም በዚህ ግቢ ውስጥ አንዱን በትውልድ አገሩ፥ ሌላውን በቋንቋው እየለየን በምንነጋገርበት ጊዜ ይህን ጀልባ ብናስታውስ መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ ጥይቱና ስለ ውኃው እንናገር። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጀግናቸውን እንዳያሳንስባቸው ይደብቁታል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። ጠመንጃ የሌለው ሕዝብ ጠመንጃ ፊት እንዲቆም የሚያደርገው አንድ እምነት ያስፈልገዋል። ከ1905 እስከ 1907 በታንጋኒካ በጀርመኖች ላይ የተነሡት የማጂ ማጂ ተዋጊዎችም እንዲሁ ጥይት ውኃ ይሆናል ብለው ነበር፤ ማጂ ማለትም ውኃ ነው። ግን እምነቱ የተከፈለበት ዋጋ በሬሳ የሚቈጠር ነው፤ ይህን ሳይናገር ያለፈ ታሪክ ጸሐፊ ለሞቱት አላዘነላቸውም። በደሴቲቱ ላይ የተደረገው ግን በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ ዘበኛው ስንት ነው? መሣሪያው የት ነው? ጀልባው የማን ነው? ርቀቱ ምን ያህል ነው? ያልታሰበበት የዳርቻው ማዕበል ነበር፤ ከብት በማርባት ያደገ ሰው የባሕርን ጠባይ ከየት ይማራል? በየብስም ላይ ፈረስ ይዞ፥ ልብስና ስንቅ ይዞ የሚጠብቃቸው ወገን አልነበራቸውም። ድፍረት ነበራቸው፤ የጐደላቸው ዕውቀትና ከውጭ ያለ ድርጅት ነው። ትግል ዕውቀት ያስፈልገዋል ስንል በወሬ ብቻ እንዳይሆን፥ የዕውቀት ጕድለት ስንት ሰው እንደሚያሰጥም ከዚህ እንማር።

ሦስተኛ፥ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከማን ነው? የተያዙበትን ቀን፥ የተፈረደባቸውን ፍርድ፥ የተጫኑበትን መርከብ የጻፉት አሳሪዎቻቸው ናቸው። በመዝገቡ ላይ ስቱርማን ወንጀለኛ ተብሎ ሰፍሯል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት አርበኞቻችንን ሽፍታ ሲል እንደ ኖረ አባቶቻችን ነግረውናል። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ መዝገቡን ያመንን እንደ ሆነ፥ ሰውየውን ሁለተኛ ጊዜ አሰርነው ማለት ነው። የኮሳ ሕዝብ ግን ፊደል ባልነበረው ዘመን እንኳ ስሙን በአነጋገሩ ውስጥ አስቀምጦ አቆየው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

ከ1961 እስከ 1991 የአፓርታይድ መንግሥት ሮበን ደሴትን የፖለቲካ እስረኞች ማጐሪያ አደረጋት። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥተው በነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር ያደረጉ፥ በዚያው ዓመት ተመልሰው በኮልፌ ወታደራዊ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ በነሐሴ ተያዙ። በ1964 የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው በኋላ እስከ 1982 ድረስ በዚያች ደሴት ታስረው ኖሩ። ከአገራችን የቀሰሙት ትምህርት ወደዚያች ደሴት አብሯቸው ገብቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ዘመን ጥበቃው እጅግ የበረታ ነበር፤ የዓሣ ነባሪ ጣቢያም የለም። እስረኞቹ ግን ሌላ በር ከፈቱ። የተማረው ያልተማረውን በድንጋይ መፍለጫው ሳይቀር ያስተምረው ጀመር፤ ብዙዎች ማንበብና መጻፍ የተማሩት፥ ሌሎችም በመልእክት ትምህርት ለዲግሪ የበቁት እዚያ ነው። ስለዚህም ደሴቲቱን ዩኒቨርሲቲ ብለው ጠሯት። ማንዴላ የሕይወት ታሪካቸውን በድብቅ ጻፉ፤ ማክ ማሃራጅ የተባሉት ጓደኛቸው በ1976 ሲፈቱ ጽሑፉን ደብቀው ይዘው ወጡ። ሰውየው ታስሮ ሳለ ቃሉ አመለጠ። ከዚያም በላይ እስረኞቹ በብዙ ልመና የእግር ኳስ ማኅበር ሲያቋቁሙ ስሙን ማካና አሉት፤ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት በዚያው ውኃ በሰጠመው ሰው ስም መሆኑ ነው። ይህን ማኅበር የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2007 የክብር አባል አድርጎ ተቀብሎታል።

ዛሬ ደሴቲቱ ሙዚየም ናት፤ በ1999 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዘገበች። ኮሎኔል ግራሃም ሕዝቡን ካባረረ በኋላ በስሙ የተጠራችው ከተማ፥ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2018 ስሟ ተለውጦ ማካንዳ ተባለች። ከተማዋን በጦር ሊይዛት ያልቻለው ሰው ከ199 ዓመት በኋላ በስሙ ያዛት። መቃብሩ የባቡር ጣቢያ የተሠራበት ዳዊት ስቱርማንም በ2021 በምሥራቅ ኬፕ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተሰየመለት። ስም መለወጥ ብቻውን መሬት አይመልስም፤ የተራበውንም አያበላም፤ ይህን የዚያ አገር ወጣቶች ራሳቸው ይናገሩታል። ቢሆንም ስሙ ካልተጠበቀ መሬቱን የሚጠይቅ ሰው የማንን መብት ብሎ ይጠይቃል?

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

እኛ ከዚህ የምናወጣው ሥራ አለ። ናኩራም አዚናራም የታሪካችን ደሴቶች ናቸው። እዚያ የታሰሩት አባቶችና እናቶች ዛሬ በሕይወት የሉም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው በመካከላችን አሉ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ደብዳቤ አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ በዳዊት መጽሐፍ ክፍት ገጽ ላይ የተጻፈ ስምና ቀን አለ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደየቤታችን ስንሄድ፥ ከቤተ ሰባችን በባሕር ማዶ የታሰረ ማን ነበር? ከማን ጋር ታሰረ? የተመለሰው በምን መንገድ ነው? ብለን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ከነተናጋሪው ስም በወረቀት ጽፈን ለክበባችን እናምጣ። የተሰበሰበውን ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን። መምህሮቻችንም እንዴት መጠየቅና እንዴት መመዝገብ እንደሚገባ እንዲያስተምሩን በትሕትና እንለምናለን።

ኮሳዎች ፊደል ባልነበራቸው ዘመን ጀምረው የአንድን ሰው ስም ሁለት መቶ ዓመት ጠበቁ። ፊደል ያለን እኛ ሳንጽፍ ብንቀር ምክንያት አይኖረንም።